ሐረጎን የወጣች ኳስ

ከጨርቃ ጨርቁ አጥር ኋላ፣ ከቦርከና ወዲህ፣
ሁለት ድንጋይ ጎል ነበረን። ይማም ያለኝ እንዲህ፦
«መሐሏን አትምታ፤
ሆዷን ያልካት እንደሆነ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ አትዞርም ላንዳፍታ።
ወደ ቀኟ ትንሽ፣ ወደ ታችም ትንሽ፤
ጎኗን ኮርኩርና ቁም፤ ታያታለህ ስትሸሽ፣
ታያታለህ ስትመለስ።»

ወንድሜ ጎሚስታ ነው። የጅቡቲ ተሳቢ ደጁ ላይ እስኪደርስ
በጎማ መንፊያው ኳሳችንን ነፍቶ፣
በአውራ ጣቱ ተጭኖ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣
«በቃት» ይላል። መለኪያ የለው፤ ጣቱ ግን አይስትም።
እኔም ያው ነኝ፤ ከድንጋዩ ጠርዝ አሳርፋታለሁ፣
ለምን እንደምትዞር ግን አላውቅም።

ቅዳሜ በአይሱዙ ወደ ደሴ ወጣን፣ አሥራ አራት ሆነን፣
አንዷን ኳስ እንደ ሕፃን በየጭናችን ይዘን።
ሐረጎ ታጥፎ ታጥፎ ኮምቦልቻን ታች ሲያሳየን፣
«ይሄን መንገድ የቀየሰው ጎን መምታት ያውቃል!» ብሎ አሳቀን
አህመዲን፣ በረኛችን።
ጆሯችን ተደፈነ፤ ምራቅ ብንውጥ ጠሽ አለ፤
ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ እንዳላየን ዋለ።
የአህመዲን የድንች ጥብስ ከረጢት ተነፋ፣ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው፤
ምልክት ነበረ ለካ። ማን ያንብበው?

ሆጤ ሜዳ። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ። አንድ ለአንድ። ቅጣት ምት።
ፊሽካው ሲነፋ ጆሮዬን የሞላው የገዛ ልቤ ምት።
አራት ሰው ብብት ለብብት ገጥሞ ግድግዳ ሲሆን ቆሜ አየሁ፤
ከቀኙ ቋሚ በስተውጪ፣ ሁሌም የማልምበት አለምኩ፣ ጎኗን አልኩ፣ ለቀቅሁ።
ሄደች።
ስፌቷ እስኪጠፋ በራሷ ላይ ተሽከረከረች፤
ግድግዳውን አለፈች፤ መታጠፍ ጀመረች፤
«ታጠፊ!» አልኳት፤ በትከሻዬ፣ በአንገቴ ታጠፍኩላት፤
በረኛቸው አራጌ ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ በዓይኑ ብቻ ሸኛት።
አንድ ስንዝር።
ከቋሚው ወዲያ ያለው ቆርቆሮ ጮኸ።
እዚህ ጋ ግጥሚያውም ግጥሙም ቤት አልመታም።

ሰኞ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ፣ መምህርት ሉባባ
(ኳስ ሜዳ ረግጣ አታውቅም፣ ወሬው ግን ቀድሟት ክፍል ገባ)
በጠመኔ ክብ ሣለች፣ በክቡ ጎን ቀስት።
«ኳስ ብቻዋን አትታጠፍም፤ አየር ነው የሚያጥፋት።
እየዞረች ስትሄድ አየሩን ወደ ቀኝ ትገፋለች፤
የገፋችው ሲገፋት ወደ ግራ ትሄዳለች።
ደሴ ግን ከእኛ ስድስት መቶ ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሯ ስስ ነው፤
ከመቶው ሰባት ያህሉ የለም። ያ የጎደለው
ሃያ ሁለት ሜትር ሄዶ ጎሉ አፍ ሲደርስ፣»
አለች፣ መዳፏን ሰሌዳው ላይ ዘርግታ፣ «ይኸው፣ ይቺን ስንዝር።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።
እግሬ አልሳተም ለካ፤ ግን ደስም አላለኝም፤
የማላየው ነገር ሲደግፈኝ ኖሮ
አንድ ቀን ባይኖር ነው ያወቅሁት፣ ጉዳዩ አልፎ፣ ነገሩ ተቋጥሮ።

ማታ ለይማም ነገርኩት። የጎማ ካውያ በእጁ፣ ዝም ብሎ ሰማኝ፤
ቀዳዳ እንደሚፈልግ ሰው ወሬዬን አገላብጦ፣ ቀና ብሎ አየኝ፦
«ታዲያ እነሱ ሲወርዱ ኳሷ ትበዛባቸዋለች ማለት ነዋ?»
አለና ወደ ጎማው ዞረ። ይኸው ነው፤ ሌላ አላወራ።

አሁን ከቀኙ ድንጋይ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ለክቼ
ሦስተኛ ድንጋይ አኑሬያለሁ፤ ሲመሽ እመጣለሁ ተደብቄ፣ ወጥቼ፣
እሱን እመታለሁ።
ልጆቹ ደረሱብኝ። «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ይሉኛል።
«ደሴ» እላለሁ።